ከናሆም ሎከር የመጡት ባትሪዎች

ሰኞ፣ ቬርኒየ

ኮረንቲ አይደለም። ግማሽ ዓመት ሙሉ ኮረንቲ ነው ሲሉኝ ከረሙ። ኮረንቲ አይደለም!

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ድሮም ስጽፍ ፈጣን አይደለሁም፣ ትምህርቴን ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ግን ጄኔቭ ዳር ያለው የሊኞን ሕንፃችን ግድግዳው ስስ ነው፤ ብጮህ ላይኛው ፎቅ ያሉት ወለሉን ይደበድቡብኛል። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ዛሬ የልብስ ማጠቢያ ተራዬ ነበር። ምድር ቤት ወርጄ የልጄን የዮኒን ሱሪ ኪስ እፈትሻለሁ። ሁልጊዜ ሶፍት ይረሳበታል፤ ያኔ ጥቁሩ ልብስ ሁሉ ነጭ ብናኝ ለብሶ ይወጣል። ከቁልፉና ከሳንቲሙ ጋር ተደባልቆ አንድ ባትሪ ወጣ። ከሬዲዮ ባትሪ ወፈር፣ ረዘም ያለ፣ ሰማያዊ ላስቲክ የለበሰ። ላስቲኩ ጫፉ ላይ ተልጧል። ጎረቤቴ ጽጌ አጠገቤ ቆማ ፎጣ ታጥፋለች። እጄ ላይ ስታየው ፎጣውን ጣለችው።

"ጣይው እትዬ ሙሉ! ጣይው! ናሆምን የጨረሰው ይሄ አይደል!"

ከዚያ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

ምን አልሽ አልኳት። ምንም አለች። በልጆችሽ ይዤሻለሁ ንገሪኝ ስላት እዚያው ማሽኑ ላይ ተደግፋ እያለቀሰች ነገረችኝ።

ናሆም የመጀመሪያ ልጄ ነው። ዙሪክ ኤርፖርት ለአውሮፕላን ምግብ የሚጭን ነበር፤ ቤቱ ክሎተን። ከሌሊት ሥራ ተመልሶ በጠራራ ቀን ተኝቶ ሳለ ክፍሉ ተቃጠለ። እሳቱ አይደለም ጭሱ ነው የገደለው። ያረዱኝ ሰዎች የቤቱ የኮረንቲ መስመር አርጅቶ ነው ብለውኛል። ውሸት ነው። ሲጋራ ትቶ በምትኩ የሚያጨሰው ማሽን ነበረው፣ ቬፕ የሚሉት። የእሱ ባትሪ ነው። አልጋው ላይ ቻርጅ አድርጎት ሲተኛ ፈነዳ። የመረመሩት ሰዎች ያኔውኑ ተናግረዋል።

የሚያውቁት፦ ወንድሜ ተስፋዬ። የተስፋዬ ሚስት። ጽጌና ባሏ። የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን በሙሉ። ዮኒ፣ የገዛ ልጄ።

የማታውቀው፦ እናቱ።

እኔ ደግሞ ግማሽ ዓመት ልተኛ ስል የቤቱን ሶኬት ሁሉ ስነቅል ከረምኩ። ፍሪጁን ሳይቀር። ወተቱ ይበላሻል፣ ዮኒ ይነጫነጫል፣ እኔ እነቅላለሁ። ሲያዩኝ ዝም ይላሉ! የሚያቃጥለው ነገር እኮ ሶኬት ውስጥ አልነበረም። ልጄ ኪስ ውስጥ ከሳንቲም ጋር ይንኳኳ ነበር።

ዛሬ ፍሪጁን አልነቀልኩም።

ማክሰኞ

ዮኒ ከሥራ ሲመጣ ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ጠበቅኩት። ዮኒ ትንሹ ነው፣ ሃያ ዓመቱ። ሰርቬት ሰፈር አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ሙያ እየተማረ ይሠራል፤ ማለዳ ወጥቶ ከሰዓት ይገባል፣ ሲገባ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል። የቀረኝ እሱ ነው።

ባትሪውን አየ። እኔን አየ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"ማን ነገረሽ?" አለኝ።

የመጀመሪያ ቃሉ ይሄ ነው። ይቅርታ እማ አይደለም። ማን ነገረሽ!

ያልኩትን ሁሉ አልጽፍም። ላይኛው ፎቅ ወለሉን ደብድበዋል፣ እሱ ይበቃል። ዮኒ እንደሚለው ያስማላቸው አጎቱ ነው። ለቅሶው ላይ ጥግ ወስዶት "እናትህ ይህን ከሰማች አትተርፍም" ብሎታል። እኔም ፈራሁ እማ አለኝ።

እሺ ፈራህ። ታዲያ ወንድምህን የገደለውን ነገር ለምን በኪስህ ይዘህ ትዞራለህ? የባሰው የመጣው ይህን ስጠይቀው ነው። ባትሪው የዮኒ አይደለም። የናሆም ነው። አራት ናቸው፤ ሁለቱ ዮኒ ራሱ በሚያጨስበት ማሽን ውስጥ፣ ሁለቱ መለዋወጫ። ናሆም ሥራ ቦታ ሎከሩ ውስጥ ያስቀመጣቸው ናቸው። የሥራ ጓደኞቹ ዕቃውን በፌስታል ሲያመጡልን ዮኒ እነሱን ወሰደ። ናሆም እያንዳንዱ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ "ና" ብሎ ጽፎበታል።

ፌስታሉን አስታውሳለሁ። እኔ ጫማውንና ሹራቡን አንስቼ ስላለቅስ ሌላውን አላየሁም። ባትሪ አለ ብሎ ማን ይንገረኝ? ኮረንቲ ነው ተብሏላ! ባትሪ የሚባል ቃል ከተነሳ ሙሉ ትሰማለቻ!

አራቱንም ስጠኝ አልኩት።

"አልሰጥም። አንቺ ሹራቡን ትራስሽ ሥር አድርገሻል። እኔ ያለኝ ይሄ ነው።"

እንደሱ አባባል ጥፋቱ የናሆም ቻርጀር ነው፣ ርካሽ ነበር። የእሱ ግን ደህና ነው። ደግሞ ማሽኑ እንደ ድሮዎቹ አይደለም፣ ውስጡ ቺፕ አለው፤ ባትሪው ሲግል ወይም ሲደክም ራሱ ይዘጋል። "ራሱን ይቆጣጠራል እማ፣ አታስቢ።"

ማሽኑ ራሱን ይቆጣጠር። አንተን ማን ይቆጣጠርልኝ?

ረቡዕ

ሲታጠብ ወሰድኳቸው። ማሽኑን ከፍቼ ሁለቱን አወጣሁ፤ ኪሱ ካሉት ጋር አንድ ላይ ብስኩት የነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኩና ክዳኑን ገጠምኩት። ከሽሮው ጀርባ ደበቅኩት።

ዛሬ ከሥራ ሲመጣ ቫኒላ አልሸተተም። ሲጋራ ሸተተኝ። ሳሎን መሃል ቆሞ ሳል ይስላል።

"ደስ አለሽ? ይሄኛውን ትመርጫለሽ?"

ከዚያ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። እነዚያኑ ሰማያዊ ባትሪዎች ካልታወቀ ሻጭ ሊያዝዝ ነው፣ ከሁሉ ርካሹን። ዓርብ ወይ ቅዳሜ ይደርሳል አለ። ጣቱ ስልኩ ላይ ነው። ተው አልኩት፣ ለመንኩት። ጣቱን ከስልኩ አነሳ፣ ግን ስልኩን አላስቀመጠም።

ሲጋራ የጀመረው አሥራ ሰባት ዓመቱ ላይ ነበር፤ ወንድሙ ነው ቬፑን ሰጥቶ ያስተወው። አሁን ወንድሙ የለም፣ ተው ስለው ይኼን ሁሉ እንዴት በአንዴ ልተው ይላል። ቢተው ደስታዬ ነበር። አይተውም። እንግዲህ ባትሪውን ብነጥቀው ሌላ ያዝዛል፣ ማሽኑን ብሰብር ሲጋራ ይገዛል። ሁለቱም ይገድላሉ፣ አንደኛው በዝግታ።

እስከ ቅዳሜ ጠብቀኝ፣ ምንም አትዘዝ አልኩት። ለምን አለኝ። ዙሪክ እሄዳለሁ አልኩት። አጎትህን አናግሬ፣ ናሆም ቤት የነበረውን ልጅ አናግሬ፣ ምን ዓይነት ባትሪ እንደሚፈነዳና እንደማይፈነዳ ጠይቄ እመጣለሁ። አሳቀው። "አንቺ? ስለ ባትሪ?"

አዎ እኔ። ማን አለ ሌላ?

ሐሙስ፣ ዙሪክ

የጽዳት አለቃዬን ሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቅኳት፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ስላት አልተከራከረችም። በባቡሩ ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ ታቅፌ መጣሁ። ጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ብስኩት የማካፍላት መስሏት ፈገግ አለችልኝ።

ተስፋዬ ጣቢያ ጠበቀኝ። ታናሼ ነው፤ ዙሪክ ውስጥ ትራም ይነዳል፣ ሰው ያከብረዋል። ጽጌ ደውላ ነግራዋለች፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ቤቱ ስንገባ ሚስቱ ገበታውን ሞልታዋለች። አልቀመስኩም። በወንድሜ ቤት እህል ሳልቀምስ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቱ ሳህኑን ሁለት ጊዜ ወደ እኔ ገፋችው፣ ሁለት ጊዜ ወደ መሃል መለስኩት።

"ለአንቺ ብዬ ነው እትዬ፣" አለኝ።

ለእኔ ብለህ ሁለተኛውን ልጄን ልታቃጥልብኝ ነበር አልኩት።

እሱ ስለ ሎከሩ ባትሪ አያውቅም ነበር፣ ይምላል። ኮረንቲ ያለው ማንም የማይጠየቅበት ነገር ስለሆነ ነው ይላል። "ኮረንቲ ላይ ሰው ምን ይቆጣል? ይበርድላታል ብዬ ነው።" በረደልኝ እንዴ? ናሆም የተከራየው ቤት ባለቤት፣ ያ ሽማግሌ፣ ለቅሶው ላይ አበባ ይዞ ሲመጣ በሰው ፊት ፊቴን አዞርኩበት። መስመሩን ሳያሳድስ ልጄን የገደለ ነው ብዬ! ሰውዬው አበባውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶት በር ላይ ቆሞ ነበር። ተስፋዬ አጠገቤ ነበር። አይቷል። ዝም አለ።

አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም።

መርዶ ሲነገር ይለሳለሳል፣ አውቃለሁ። እኔም ሰው አርድቻለሁ፤ ሞተ አይባልም፣ አሞታል ተብሎ ይጀመራል፣ ከደጅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ወንበር እየተባለ ይደረሳል። ግን መርዶ የአንድ ጠዋት ነገር ነው። ተስፋዬ ግማሽ ዓመት ሲያረዳኝ ከርሞ ገና አልጨረሰም።

በጊዜ ልተኛ ነው። በሩን ዘግቻለሁ። ሚስቱ በሩ ላይ "እትዬ ሻይ ብቻ" ትላለች።

ዓርብ፣ ክሎተን

ሙባረክን አገኘሁት። ከናሆም ጋር አንድ ቤት ይኖር የነበረው ልጅ ነው፣ አውሮፕላን ያጸዳል። ያን ቀን ሥራ ላይ ነበር፤ ለዚያ ነው የተረፈው። ጣቢያው ጋ ሲያየኝ ሮጦ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ፣ ከዚያ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

"ማዘር፣ ልነግርዎት ነበር፣ በአላህ። ጋሽ ተስፋዬ ከለከለኝ።"

አሁን ንገረኝ አልኩት። ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ነገረኝ።

ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች ነበሩ፣ ሦስቱም ቬፕ ያጨሳሉ። ባትሪዎቹን በስልክ ሲያዝዙ አንድ ላይ ነው ያዘዙት፣ ብዙ ሲሆን ይረክሳል። ኩሽና መስኮቱ ላይ አንድ ትሪ ነበር። ቻርጅ የሆነውም ያልሆነውም፣ አዲሱም አሮጌውም እዚያ ይቀመጣል፤ ሥራ የሚሄድ እጁ የገባለትን ሁለት አንስቶ ይሄዳል። "እኛ ቤት የእኔ የአንተ አይባልም ነበር ማዘር። ናሆም ግን አንዳንዱ ላይ ፊደሉን ይጽፍ ነበር፣ እንስቅበት ነበር።"

ሙባረክ፣ ናሆም ፊደሉን የጻፈው ሰው ስለማያምን እንዳይመስለው። ናሆም ልጅ ሆኖ እርሳሱ ላይም ይጽፍ ነበር።

እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ከአንድ ሳህን ብሉ፣ ተካፈሉ፣ ለብቻ አትያዙ ብዬ። ባትሪ ሲሆን ግን እንደዚያ አይደለም ለካ፤ የነገረኝ ሰው የለም፣ ለእነሱም የነገራቸው የለም።

ከዚያ ቬፕና ባትሪ ወደሚሸጥበት ሱቅ ውሰደኝ አልኩት። ጀርመንኛ አልችልም፤ ጄኔቭ ውስጥ በፈረንሳይኛዬ ሰው ነኝ፣ እዚህ ዲዳ ነኝ። ሙባረክ ያስተረጉማል። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጺማም ነው፣ ክንዱ በሙሉ ሥዕል። ስገባ አየኝና ለሙባረክ የሆነ ነገር አለው፣ ሙባረክ ሳቁን ዋጠ።

"ምን አለ?"

"ማዘር፣ ለእርስዎ ነው ወይ፣ የእንጆሪ ጣዕም ያለው አለኝ ይላል።"

ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ክዳኑን ከፈትኩት። ሰውዬው ወደኋላ ዘለለ! ከዚያ ቶሎ ብሎ አንድ በአንድ አንስቶ የጎማ ምንጣፍ ላይ ደረደራቸው። በጀርመንኛ እየጮኸ ነው፤ ይሄን ማስተርጎም አላስፈለገም። ባትሪ እርቃኑን ብረት ውስጥ፣ እርስ በርሱ እየተጋጨ፣ በባቡር! ሁለቱ ጫፎች በብረት ከተገናኙ መንገድ ላይ እሳት ይነሳ ነበር። ቁልፍና ሳንቲም ያለበት ኪስም ያው ነው አለ።

ጭኔ ላይ ታቅፌው የመጣሁትን አሰብኩ። ያቺ ፈገግ ያለችልኝ ሴትዮ።

ሙባረክ ለምን እንደመጣሁ ነገረው። ልጇ ሞቶባት ነው እንዳለው ከሰውዬው ፊት ገባኝ። ከዚያ በኋላ ቀልድ አልነበረም። እኔም ጠየቅኩት፣ በቁጣ ጠየቅኩት፣ እንደ ተከሳሽ።

ማሽኑ ቺፕ አለው፣ ራሱን ይቆጣጠራል ይላል ልጄ፣ እውነት ነው? እውነት ነው፣ ግን ባትሪው ማሽኑ ውስጥ እያለ ብቻ። ኪስ ውስጥ ቺፕ የለም። ቻርጀር ላይ ያ ቺፕ የለም። ደግሞ ቺፑ የባትሪውን ሆድ ዕቃ አያይም፤ ደካማ ባትሪ ገብቶለት ብዙ ኃይል ከጠየቀው ባትሪው ይግላል።

ይሄ ሰማያዊው ምኑ ነው መጥፎ? ሰውዬው ላስቲኩ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ መታው። 9900 ይላል፣ ይህን ያህል ኃይል እይዛለሁ ማለቱ ነው። በዚህ መጠን ባትሪ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም፣ ከሦስት ሺህ ምናምን አያልፍም። "ማዘር፣ ይሄ ቁጥር ራሱ ሌባ ነው ይላል።" ሰው የጣለውን አሮጌ ባትሪ አንስተው አዲስ ላስቲክ ያለብሱታል።

ታዲያ ጥሩው በምን ይታወቃል? ይሄን ቀስ ብሎ ነገረኝ፣ እኔም ቀስ ብዬ ልጽፈው፣ ዮኒ ይጠይቀኛል። ሠሪው የታወቀ ይሁን፣ ከማይታወቅ ሻጭ አይገዛ። ትልቁን ቁጥር አትይ፣ ሳይግል ያለማቋረጥ ስንት አምፔር መስጠት እንደሚችል እዪ፤ ማሽኑ ከሚጠይቀው ማነስ የለበትም። ላስቲኩ ከተላጠ አበቃ። ማሽኑ ሁለት የሚበላ ከሆነ ሁለቱ አንድ ቀን ይገዙ፣ አንድ ላይ ቻርጅ ይሁኑ፣ አንድ ላይ ይሥሩ፣ አንድ ላይ ይጣሉ። "መንትያ ናቸው ይላል ማዘር። ከሌላ ጋር አይደባለቁም።" ሙባረክ ይህን ሲተረጉም መሃል ላይ ቆሞ እንደገና ጀመረ። ትሪው ትዝ ብሎት ነው። አልጋ ላይ ቻርጅ አይደረግም፣ ተኝቶ ቻርጅ አይደረግም። በኪስ ሲያዝ በላስቲክ ሳጥን።

ጥንድ ባትሪና ሳጥን አወጣልኝ። አንዱን አዲስ በቀኜ፣ አንዱን የናሆም በግራዬ አስያዘኝ። የናሆም ቀለለኝ። በጣም ቀለለኝ። ዮኒ የእኔን ቃል አያምንም፣ የሰውዬውንም አያምንም። ግን ኬክ ሠሪ ነው፣ ሚዛን ያምናል።

ሰውዬው የናሆምን ባትሪዎች ጫፍ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፈነና እዚሁ ተያቸው፣ እኔ አስወግዳቸዋለሁ አለ። እጄ ቀድሞኝ ሄዶ ያዛቸው። የልጄ ናቸው አልኩት፣ በአማርኛ። ምን እንዳልኩ ገብቶታል። አራቱንም በሳጥን አድርጎ ሰጠኝ። እሱን ሳጥን አላስከፈለኝም።

ማታ ተስፋዬ ቤት ትንሽ ቀመስኩ። ይቅር ብዬው አይደለም፣ ርቦኝ ነው። ሚስቱ ግን ወጥ ደጋግማ ጨመረችልኝ።

ቅዳሜ፣ ቬርኒየ

ዮኒ በር ላይ ጠበቀኝ። አላዘዘም። ሲጋራ አጭሷል ግን አላዘዘም።

ሚዛንህን አምጣ አልኩት። እቤት የሚለማመድበት ሚዛን አለው፣ ቅቤና ዱቄት በግራም የሚለካበት፣ እኔ እንድነካው አይፈቅድም። አመጣ። ምን ልትጋግሪ ነው ብሎ ቀለደብኝ። አዲሱን ባትሪ አስቀምጥ አልኩት። አርባ አምስት ግራም ገደማ። ሁለተኛውን። ያው።

አሁን የናሆምን።

ፕላስተሩን ሳይነካ አስቀመጠው። ከሠላሳ በታች። አነሳው፣ ሚዛኑን ዜሮ አደረገው፣ እንደገና አስቀመጠው። ያው። ሚዛኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ አዲሱን መለሰው፣ ደህና ነው። ሁለተኛውን የናሆም፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። እርስ በርሳቸውም አይስማሙም፤ እያንዳንዱ የየራሱ ክብደት አለው።

"ባዶ ነው፣" አለ። "እማ፣ ውስጡ ግማሹ ባዶ ነው።"

እሱ ሥራ ቦታ ቅቤ በጥቂት ግራም ቢጎድል ዱቄቱን ደፍቶ ከአዲስ ይጀምራል። አሁን ወንድሙ የሞተበትን ነገር ግራም በግራም እያየ ነው። ፊቱ ቀላ። ጠረጴዛውን መታው፣ ሚዛኑ ዘለለ።

"ማነው ይሄን የሸጠለት? ማነው?"

ማንም አልኩት። ስልክ ላይ ያለ ሥዕል ነው። ስምም አድራሻም የለው።

ቆሞ ተሳደበ፣ በአማርኛም በፈረንሳይኛም፣ እኔ የማላውቀውን ሁሉ። ዝም አላልኩትም፣ አብሬው ተሳደብኩ። ከናሆም ወዲህ ሁለታችን በአንድ ነገር ላይ አብረን ስንቆጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ላይኛው ፎቅ ወለሉን ደበደቡ። ዮኒ አንጋጦ ጣሪያውን ሰደበ። ከዚያ ሳቅን። አፈርኩ፣ ግን ሳቅን።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሴቶቹ እንደ ሰሞኑ ጸጥ አሉ ስገባ። ለካስ ዝምታው ሐዘኔን ማክበር ብቻ አልነበረም፣ ነገሩ ከአፋቸው እንዳያመልጥ መጠንቀቅም ነበር። ጽጌ ጥግ ላይ ተሸጉጣለች።

ተነስቼ ቆምኩ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። "ልጄን የገደለው ኮረንቲ አይደለም፣ ባትሪ ነው፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣" አልኩ። አንዷ ትልቅ ሴት ክንዴን ያዘችኝ።

"ተይ ሙሉ፣ የሟች ገመና አይወጣም።"

"ባትሪ ምኑ ነው ገመናው? የልጅሽ ኪስ ውስጥ የለም? ሄደሽ አይተሻል?"

ክንዴን ለቀቀችኝ። ሰማያዊ ላስቲክ፣ 9900፣ ቁልፍና ሳንቲም፣ አልጋ ላይ ቻርጅ፣ ያወቅኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ተደናቅፌያለሁ፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ብያለሁ። ግማሾቹ ተቆጡ፣ በአደባባይ ልጆቻችንን አጫሽ አደረግሽ ብለው። ይቆጡ። እኔም ተቆጥቻለሁ።

ልንወጣ ስንል ያቺው ትልቅ ሴት ኮት መስቀያው ጋ ቆማ የልጇን ጃኬት ስትፈትሽ አየኋት። ልጁ "እናቴ፣ ምንድነው?" ይላል፣ እሷ ኪስ ትገለብጣለች።

ተስፋዬ ደወለ። ጽጌ ነግራዋለች። "ጥሩ አደረግሽ እትዬ" አለኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ደግሞ ቆይቼ መልሼ ደወልኩና፣ ያን የቤቱን ባለቤት ሽማግሌ አግኝልኝ፣ የማናግረው አለኝ አልኩት። አገኝልሻለሁ አለ።

ሰኞ

ዮኒ ከሥራ ሲወጣ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ተቀጣጠርን። መግቢያው ላይ ሰው ያለቀ ባትሪ የሚጥልበት ሣጥን አለ፤ የልጅ መጫወቻ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የሪሞት። እኔ ልጨምራቸው ብዬ እጄ አልታዘዘም። ሰው ሁሉ ጋሪ እየገፋ ያልፈናል።

"ስጪኝ እማ።"

ዮኒ አራቱንም ከሳጥናቸው አወጣ። "ና" የሚለውን አየው፣ በአራቱም ላይ። በስልኩ ፎቶ አነሳው። ከዚያ አንድ በአንድ ጨመራቸው፤ ወንበር ላይ የተኛን ሰው ላለመቀስቀስ የሚራመድ ይመስል ነበር። ሲጨርስ ፊቱን በክንዱ ጠረገና ቲማቲም አለቀብን አይደል ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ቤት ስንገባ ጥቁር እስክሪብቶ አመጣልኝ። አንቺ ጻፊባቸው አለ። በአዲሶቹ በሁለቱም ላይ "ዮ" ብዬ ጻፍኩ፣ ቀስ ብዬ። ፊደሌ አያምርም። ሁለቱ ተመሳስለዋል ግን።

ማሽኑን አሁንም እጠላዋለሁ። ሲያጨስ መስኮት ክፈት እለዋለሁ፣ ተው እለዋለሁ፣ ነገም እለዋለሁ። ቻርጅ የሚያደርገው ኩሽና የሸክላ ንጣፉ ላይ ነው፣ ዓይኑ እያየ። እሱ ሲያይ እኔም አያለሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት ሊወጣ ሲል በር ላይ ያዝኩት። ኪሱን ዳበስኩት። "እማ፣ በቃ እንግዲህ!" አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመልኝ።

"ናሆም ኤርፖርት ሥራ ሲገባ እንዲህ ነበር የሚፈተሸው፣" አለ።

ቀኝ ኪስ፣ ቁልፍና ሳንቲም። ግራ ኪስ፣ ሳጥኑ። ነቀነቅኩት፣ አልተንኳኳም።

"ልለፍ?" አለኝ።

እለፍ አልኩት።